ለዜብራ ዳኒዮ የገዛሁት ድርብ የማራቢያ ሳጥን፦ ከአምስት ወር አጠቃቀም በኋላ

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ፣ ግልጽ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ የማራቢያ ሳጥን በ1,800 ብር ገዛሁ። እነሆ አምስት ወር ሞላው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ዜብራ ዳኒዮ ለሚባለው ባለ ግርፍ ትንሽ የጌጥ ዓሣ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ዋይት ክላውድ ለሚባለው ትንሽ ዓሣ ስለተጠቀምኩበት፣ የምሰጠው አስተያየት ከአንድ ቀን ደስታ ወይም ከአንድ ቀን ብስጭት የመነጨ አይደለም። ሳጥኑ እንቁላልን ከወላጆቹ አፍ የማዳን ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ማሸጊያው ላይ የታተመው ሥዕልና የሻጩ ገለጻ የሚያሸክሙትን ሌላ ሥራ፣ ማለትም ጫጩት የማሳደግን ሥራ ግን አይሠራም፤ በመጠኑም በአሠራሩም ሊሠራ አይችልም። ይህን ሳላውቅ በመግዛቴ የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች በሙሉ አጥቻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ሌላው ገዢ ያንን ኪሳራ እንዳይደግመው ነው።

በአገራችን የዓሣ እርባታ ሲነሣ በብዛት የሚታወቀው የቆሮሶ ጠባይ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ መልሳ ወደ አፏ ታስገባቸዋለች። ዜብራ ዳኒዮ በዚህ ረገድ ከቆሮሶ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። ወንዱና ሴቷ ጎን ለጎን እየተሯሯጡ እንቁላሉንና የወንዱን ዘር ውሃው ውስጥ ይበትናሉ፤ እንቁላሉ ምንም ነገር ላይ ሳይጣበቅ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ወላጆቹም መበተኑ ገና ሳያበቃ ዞር ብለው ያገኙትን ይለቅማሉ። በተፈጥሮ መኖሪያው፣ ማለትም በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በኔፓል ቀስ ብለው በሚፈሱ ጅረቶችና በሩዝ ማሳዎች ዳር፣ እንቁላሉ ጠጠርና ሣር መካከል ገብቶ ስለሚሰወር ከብዙው ጥቂቱ ይተርፋል። የእኛዎቹ ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ሐይቅ ዓሦችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ጠጠር ላይ የሚራቡት በዚሁ መንገድ ነው፤ እንቁላሉን ጥለውት ይሄዳሉ፣ የሚጠብቀው ጠጠሩ ነው። ግድግዳው መስተዋት፣ ወለሉ ጠፍጣፋ በሆነ የቤት አኳሪየም ውስጥ ግን እንቁላሉ የሚሰወርበት ቦታ ስለሌለ፣ ጠዋት ተነሥቶ መብራት የሚያበራው ሰው እንቁላል መጣሉን እንኳ አያውቅም። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል ዳኒዮዎቼ የማይራቡ ይመስሉኝ ነበር።

ሳጥኑ በእርግጥ ሁለት ሳጥን ነው። ውጨኛው 2 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ውስጠኛው ከላይ በኩል ይገባና በከንፈሩ ይንጠለጠላል። የውስጠኛው ወለል ድፍን አይደለም፤ በመለኪያ እንዳየሁት 2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ረጃጅም ክፍተቶች የተሞላ ነው። የዳኒዮ እንቁላል ውጫዊ ሽፋኑ ውሃ ጠጥቶ ከተነፋ በኋላ እንኳ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የጎልማሳው ዓሣ አካል ግን በዚያ ክፍተት አያልፍም። ስለዚህ እንቁላሉ ሲበተን በክፍተቱ አልፎ ውጨኛው ሳጥን ወለል ላይ ያርፋል፤ ወላጆቹም ከላይ እያዩት ሊደርሱበት አይችሉም። ከዚህ ሌላ ውስጠኛውን ሳጥን ለሁለት የሚከፍል ባለ ቀዳዳ መከለያና አንድ ክዳን አለው። ይህ አሠራር ለጌጥ ዓሣ ገበያ ብቻ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ጆርጅ ስትራይሲንገር የተባሉት ተመራማሪ በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዜብራ ዳኒዮን ለዘረመል ጥናት መርጠው ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1981 ካሳተሙ ወዲህ፣ ይህ ዓሣ በዓለም ዙሪያ በቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚራባ ሆኗል፤ ቤተ ሙከራዎቹም እንቁላል የሚሰበስቡት በአሠራሩ ከዚህ ጋር አንድ በሆነ ድርብ ሳጥን ነው። እኔ የገዛሁት የዚያ ርካሽ ቅጂ ነው፤ ርካሽነቱ ግን ዋናውን ሐሳብ አላበላሸውም።

ከዕቃው ክፍሎች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው መከለያውን ነው። ስገዛው ዓሦቹ እንዳይጣሉ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ትክክለኛ ጥቅሙን የተረዳሁት ቆይቼ ነው፦ ወንዱ ዳኒዮ ወደ ውሃው የሚለቀው ጠረን ሴቷ እንቁላሏን ለመጣል እንድትዘጋጅ ያደርጋታል። በዚህ ምክንያት ሁለቱን ማታ ለያይቶ ማሳደር ሲያስፈልግ፣ ውሃው ግን በመከለያው ቀዳዳዎች እየተመላለሰ ጠረኑን ማድረስ አለበት። ቀዳዳ የሌለው መከለያ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሥራው ይቀር ነበር። ዳኒዮ በተፈጥሮው እንቁላሉን የሚጥለው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የሌሊቱ ጨለማ በብርሃን ሲተካ ያ ለውጥ ራሱ ምልክት ይሆነዋል። ስለዚህ እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶችን በአንድ ወገን፣ አንድ ወንድ በሌላው ወገን አድርጌ ሳጥኑን በጥቁር ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርቁን ገፍፌ መብራት አበራለሁ፤ ከዚያም መከለያውን አነሣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሩጫው የሚጀምረው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከታች ያለው ወለል ላይ እንደ ጥቃቅን የመስተዋት ፍሬ የሚያብረቀርቅ እንቁላል ተዘርቶ ይታያል። ያን ጊዜ ውስጠኛውን ሳጥን ከነዓሦቹ ብድግ አድርጎ ወላጆቹን ወደ አኳሪየማቸው መመለስ ብቻ ነው የሚቀረው። መረብ ይዞ ዓሣ ማባረር፣ ውሃ ማናወጥ፣ እንቁላል መርገጥ የሚባል ነገር የለም። የሳጥኑ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንድ ሌሊትና አንድ ጠዋት ነው።

ከአሥራ አንዱ የዳኒዮ ሙከራ ስምንቱ ተሳክቷል። ትንሹ 40 ገደማ እንቁላል ሲሆን ትልቁ ከ200 በላይ ነበር፤ ከ200 በኋላ መቁጠሬን ትቻለሁ። ያልተሳኩት ሦስቱ ሁሉም የኅዳርና የታኅሣሥ ሙከራዎች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ እዚህ ላይ ዕቃው የተሠራበት አገርና የእኛ ከተማ ያላቸው ልዩነት ስለሚታይ ትንሽ ልቆይበት።

የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርቱ ቅዝቃዜ አለው። ዳኒዮ በራሱ ብርድን የሚችል ዓሣ ነው፤ ቤተ ሙከራዎች ግን የሚያራቡት በ28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በቤት ውስጥም 25 ወይም 26 ዲግሪ ካላገኘ እንቁላል ለመጣል እምብዛም አይነሣሣም። 2 ሊትር ውሃ ደግሞ ከአኳሪየም ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የክፍሉን ቅዝቃዜ ይይዛል። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጠዋት ቴርሞሜትሩ 17 ዲግሪ ያሳየኝ ሲሆን፣ ዓሦቹ ጥግ ይዘው ቆመው ነበር። ሳጥኑ ማሞቂያ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ቢኖረውም በ2 ሊትር ውሃ ውስጥ ማሞቂያ መክተት ዓሣ መቀቀል ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ፣ ማሞቂያውን ሳፋው ውስጥ አድርጎ፣ ሳጥኑን በመካከሉ ማስቀመጥ። የሳፋው ውሃ ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሳፋውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ለአራት ሰዓት ያህል ከ2 ዲግሪ በላይ ሳይወርድ አቆይቼዋለሁ።

ሁለተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሚወርድ፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዕቃው ጋር የመጣችው ወረቀት የአየር ፓምፕ አያስፈልግም ትላለች፤ ለሻንጋይ ወይም ለሌላ የቆላ ከተማ እውነት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ሦስት ዓሦች በ2 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲያድሩ ጠዋት የውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አገኘኋቸው፤ ሞቅ ያለ ውሃ ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ከዚያ ወዲህ ቀጭን የአየር ቱቦ አስገብቼ በጣም በቀስታ፣ በሰከንድ አንድ ሁለት አረፋ ያህል እንዲወጣ አድርጌያለሁ። ክዳኑ ለቱቦ የሚሆን ቀዳዳ ስለሌለው በጋለ ምስማር በሳሁት። ክዳኑን ትቶ መጠቀም አይመከርም፤ ዳኒዮ ይዘላልና።

ስለ ቧንቧ ውሃ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የከተማችን ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ስለሚመጣ በየሰፈሩ ያለው የማዕድን መጠን ይለያያል፤ የጉድጓዱ ውሃ ማዕድኑ ይበዛል። ዳኒዮ ይህን ልዩነት የሚችል በመሆኑ ለእርሱ የሚያሰጋው ማዕድኑ ሳይሆን ክሎሪኑ ነው። ውሃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ ውስጥ ከአየር ቱቦ ጋር ለ24 ሰዓት ካቆዩት ይበቃል። ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ውሃ ክሎሪኑ የቀነሰ ቢሆንም ለእንቁላል ሳይቆይ መጠቀምን አልደፍርም።

ወደ ዕቃው ጉድለቶች ስመለስ፣ ከክዳኑ ቀጥሎ ያስቸገረኝ የወለሉ ክፍተቶች ጠርዝ ነው። ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የቀረ ሸካራ ጠርዝ ስላለው፣ በሁለተኛው ሙከራ ከሴቶቹ አንዷ ሆዷ አጠገብ ቅርፊቷ ተነሥቶ አየሁ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለግማሽ ሰዓት አሽቼ ካለሰለስኩት በኋላ ዳግመኛ አልደረሰም፤ ሆኖም ይህ የገዢው ሥራ መሆን አልነበረበትም። መከለያውም ወደ ቦይው ጠበቅ ብሎ ስለማይገባ ሌሊት ተንሳፎ የወጣበት ጊዜ አለ። ሌላው የወለሉ ቅርጽ ነው፦ ዳኒዮዎች እንቁላላቸውን መጣል የሚወዱት ውሃው ሳሳ በሚልበት ዳር ላይ ስለሆነ፣ ቤተ ሙከራዎች ሳጥኑን አዘንብለው አንድ ወገኑን ጥልቅ፣ ሌላውን ሳሳ ያደርጉታል። የእኔው ሳጥን ለዚህ የሚሆን መደገፊያ የለውም፤ እኔ በአንዱ ጫፍ ሥር አራት ቆርኪ እየደረደርኩ አዘነብለዋለሁ። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ያለ እንቁላል ያለፈ ጠዋት የለም፤ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ግን ሙቀቱንም ስላስተካከልኩ ምስጋናውን ለቆርኪው ብቻ ልሰጥ አልችልም።

ማሸጊያው ላይ የተሳለው ደግሞ ጉፒ ነው። ጉፒ እንቁላል የማይጥል፣ የሚዋኝ ጫጩት የሚወልድ ዓሣ ነው፤ ጫጩቱም ሲወለድ የተፈጨ ደረቅ ምግብ መብላት የሚችል ትልቅ ነው። ለእርሱ ሳጥኑ ለጥቂት ቀን መጠለያ ሊሆን ይችላል። ሻጩም ይህንኑ ሥዕል ተከትሎ፣ በቅንነት መሆኑን አልጠራጠርም፣ «እህቴ፣ ጫጩቶቹን እዚያው ውስጥ ነው የምታሳድጊያቸው፤ ምግቡን በጣትሽ ፍርክስክስ አድርገሽ መስጠት ነው» አለኝ። እኔም እንደተባልኩት አደረግሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከተፈለፈሉት 70 ያህል ጫጩቶች በዘጠነኛው ቀን አንድም አልተረፈም።

ለምን እንደሞቱ ለማወቅ የጫጩቱን የመጀመሪያ ቀናት መከተል ያስፈልጋል። ፍሬያማ የሆነው እንቁላል እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነው፤ ያልሆነው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደ ወተት ይነጣል፣ ከዚያም ሻጋታ ያበቅልና ሻጋታው ወደ ጤነኞቹ ይዛመታል። ስለዚህ የነጡትን ጠዋትና ማታ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየመጠጡ ማውጣት ግድ ነው፤ ሚቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ መድኃኒት ውሃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪመስል ጠብ ማድረግም ይረዳል። በ28.5 ዲግሪ ጫጩቱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ እኔ በምይዘው 26 ዲግሪ አብዛኞቹ በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ መስተዋቱ ላይ እንደ ሽፋሽፍት ተለጥፈው ይቆያሉ፤ ይህን ጊዜ የሚመገቡት ሆዳቸው ሥር ያለውን አስኳል ስለሆነ ምግብ መስጠት ውሃውን ማበላሸት ብቻ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ይጎነጫሉ፤ የሚንሳፈፉበትን የአየር ከረጢት የሚሞሉት በዚህች ጉንጭ ነው። የውሃው ገጽ በቅባት ወይም በምግብ ብናኝ ከተሸፈነ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ስለዚህ በየማለዳው ንጹሕ ወረቀት በውሃው ላይ አንጥፌ በማንሣት ገጹን አጸዳለሁ። እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ መዋኘት ይጀምራሉ፤ ረሃቡም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ የዋኘ የዳኒዮ ጫጩት አፉ እጅግ ትንሽ ነው። በጣት የተፈረከሰው ምግብ ለእርሱ የቤት ድንጋይ ያህል ስለሆነ አይበላውም፤ ምግቡ ወለል ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል፣ 2 ሊትሩ ውሃም በአንድ ቀን ይበላሻል። የእኔዎቹ በምግብ መካከል ተርበው፣ በተበላሸ ውሃ ታፍነው ነው የሞቱት። የሚያስፈልጋቸው በዓይን በቅጡ የማይታዩ፣ እንደ ፓራሚሲየም ያሉ ሕያዋን ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ በቤት ነው የሚዘጋጁት። አንድ የመስተዋት ማሰሮ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ይሞላል፣ የፈላ ውሃ የተደረገበት አንድ የሰላጣ ቅጠል ይጨመርበታል፣ አፉ በሳሳ ጨርቅ ተሸፍኖ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው ደፍርሶ ይሸታል፤ ይህ የባክቴሪያው ጊዜ ነው። ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ መጥራት ሲጀምርና በእጅ ባትሪ ሲያዩት እንደ ቀላል አቧራ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲታይበት፣ ባክቴሪያውን የሚበሉት ሕያዋን በዝተዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ በስሪንጅ እየቀዱ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለጫጩቶቹ መስጠት ይቻላል።

ስሌቱን እንግዲህ ልብ ይበሉ። ማሰሮው አንድ ሳምንት ይፈልጋል፤ እንቁላሉ ከተጣለ እስከ መጀመሪያው ጉርሻ ግን አምስት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ማሰሮው ከሳጥኑ ቀድሞ መጀመር አለበት። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሻጩ ቢነግረኝ ወይም ወረቀቷ ላይ ቢጻፍ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ 70 ጫጩቶች ዕድል ይኖራቸው ነበር። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጨርቅ ጨምቆ መስጠትም የሚመክሩ አሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ጫጩቶቹ ይበሉታል፣ ነገር ግን ከመርፌ ጫፍ ትንሽ ካለፈ ውሃውን ያገማዋል። ከአሥረኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም በጨው ውሃ የሚኖር ደቃቅ እንስሳ፣ መስጠት ይቻላል፤ የአርቴሚያው እንቁላል ጨው በተጨመረበትና አየር በሚገባበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የአርቴሚያው እንቁላል ጣሳ ውድ ነው፤ ከሳጥኑ ራሱ የበለጠ ከፍዬበታለሁ። ጫጩቶቹ ብርቱካናማ ሆዳቸውን ሞልተው ሲዋኙ ያየ ሰው ግን ገንዘቡን አይቆጭም። እኔ እንቁላሉን በዚያው ጠዋት ወደ 20 ሊትር አኳሪየም አዛውራለሁ፤ አኳሪየሙ ውስጥ ያለው የስፖንጅ ማጣሪያ ብቻ ነው፤ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ጫጩቶቹን ይስባል። በዚህ ዓይነት ከታኅሣሥ መጨረሻው ሙከራ 60 የሚሆኑ አድገዋል።

ሳጥኑን ከመግዛት ይልቅ በቤት ባለ ነገር መሥራት አይቻልም ወይ ለሚል ጠያቂ መልሴ፣ ይቻላል ነው። ከሁሉ የሚቀለው የልጆች ብይ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ካዋሰኝ ብይ በትንሽ አኳሪየም ወለል ላይ ሁለት ድርብ አድርጌ አንጥፌ ሞክሬያለሁ፤ እንቁላሉ በብዮቹ መካከል ይወርዳል፣ ወላጆቹም አይደርሱበትም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፦ ዓሦቹን በመረብ ማውጣት፣ ብዮቹን አንድ በአንድ ማንሣት፣ እንቁላሉን ከቆሻሻው መለየት ጠዋቱን ሙሉ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ለማየት ብቻ የፈለገ ሰው ብይ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሊያራባ ያሰበ ግን ሳጥኑን ቢገዛ ድካሙን ይቀንሳል።

አጎበር ቆርጠው በሳጥን ላይ መወጠር የሚመክሩም አጋጥመውኛል፤ ይህን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር ፓይሬትሮይድ በሚባለው ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ይህ መድኃኒት ሰውን ሳይጎዳ ዓሣን በጥቂት መጠን የሚገድል መርዝ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ታጥቦም እንዳይለቅ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ደጋግሞ ማጠብ አያስተማምንም። መረብ የሚያስፈልገው ሰው ያልተነከረ የመጋረጃ ጨርቅ ወይም ዓይኑ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ወንፊት ይፈልግ።

ሳጥኑ ለሁሉም እንቁላል በታኝ ዓሣ እኩል አይጠቅምም። ዋይት ክላውድ፣ በቻይና ከጓንጁ ከተማ አጠገብ ባለው የባይዩን ተራራ ስም የሚጠራው ዓሣ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለሚወድ ለአዲስ አበባ ከዳኒዮም ይልቅ ይስማማል፤ ነገር ግን እንቁላሉን ቅጠል መካከል ስለሚጥልና ወላጆቹም እንደ ዳኒዮ ስግብግብ ስላልሆኑ፣ ጃቫ ሞስ የተባለ የውሃ ውስጥ ተክል የሞላበት ትንሽ አኳሪየም ከሳጥኑ የተሻለ ውጤት ሰጥቶኛል። የሮዚ ባርብ እንቁላል ተጣባቂ ነው፤ ክፍተቱን ሳያልፍ ወለሉ ላይ ይቀራል። ኒዮን ቴትራን ለማራባት ይህን ሳጥን የሚገዛ ካለ ደግሞ ገንዘቡን ይቆጥብ፤ ኒዮን ማዕድኑ እጅግ ያነሰ፣ አሲዳማ ውሃ ይፈልጋል፣ እንቁላሉም ብርሃን አይወድም፤ ግልጹ ፕላስቲክ ለእርሱ ጠላቱ ነው።

ስለ ሱቁ አገልግሎት በጎውንም መናገር ይገባኛል። ሻጩ ወንድና ሴት ዳኒዮን ለይቶ በመስጠት ረገድ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፤ ሴቷ ሆዷ ሰፋ፣ መልኳ ወደ ብር የሚያደላ፣ ወንዱ ቀጠን ብሎ በግርፎቹ መካከል ወርቃማ መሆኑን መረቡ ውስጥ እንዳሉ አሳይቶኛል። ካደጉልኝ ውስጥ ሠላሳውን በምግብና በማጣሪያ ስፖንጅ ለውጦ ወስዶልኛል። ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ አንዲት ሴት ዳኒዮ በአንድ ጠዋት ከመቶ በላይ እንቁላል ስለምትጥል፣ ጀማሪው ማራባት ከመጀመሩ በፊት ለትርፉ የሚሆን ተቀባይ ማዘጋጀት አለበት፤ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ መልቀቅ በምንም መንገድ መታሰብ የለበትም። ስለ ጫጩት አመጋገብ የሰጠኝ ምክር ግን ስሕተት መሆኑን ነግሬው፣ አሁን ለገዢዎቹ ስለ ማሰሮው እንደሚናገር ባለፈው ሳምንት ሰምቻለሁ።

ሳጥኔ በመጋቢት ወር አንድ ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ፀረ ሻጋታ ያልተቀላቀለበት የአኳሪየም ሲሊከን ቀብቼ ለሁለት ቀን ካደረቅሁት በኋላ አያፈስም። ሻጩ ከፋሲካ በኋላ 3 ሊትር የሚይዝ፣ ወለሉ ዘንበል ማለት የሚችል ሌላ ዓይነት እንደሚያስመጣ ነግሮኛል። ሲመጣ ከዋጋው በፊት የማየው ሦስት ነገር ነው፦ ጣቴን በክፍተቶቹ ላይ ሳሳልፍ ይቧጥጠኝ እንደሆነ፣ ክዳኑ የአየር ቱቦ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው መሆኑን፣ መከለያውም ሳጥኑን ገልብጬ ስይዘው ከቦታው የማይወጣ መሆኑን።